ከሩቅ መታሸት

ፊታውራሪ ጥሩነህ አንገታቸው ደርቆ ግራ ቀኝ ማየት ከተሳናቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ቢቸግራቸው፣ አሽቶ በማዳን ስሙ የተጠራ አንድ ወጌሻ አስመጡ። ወጌሻው ለጋ ቅቤውን በመዳፉ አሟሙቶ ጠጋ ሲል ግን ጮኹበት።

«ወዲያ! የእኔን ገላ የባላገር እጅ ነክቶት አያውቅም። እዚያው ርቀህ ቁምና እሸኝ። ካልዳንኩ አርባ ትገረፋለህ!»

ወጌሻው «እሺ ጌታዬ» ብሎ እጅ ነሣ። አሥር ክንድ ያህል ርቆ ቆመና አየሩን ማሸት ጀመረ። ሥር እንደሚፈልግ ሰው በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ መልሶ ቅቤ ይጨምራል። አንዴማ «ይህቺ ናት ያስቸገረችዎት» አለ። ላቡ ጠብ እስኪል አሸ።

«ምንም የተሻለኝ ነገር የለም» አሉ ፊታውራሪው። «ግረፉት!»

ገራፊው ጅራፉን ይዞ መጣ። ወጌሻው የእጁን ቅቤ ጠራረገ፤ ጋቢውን አጣጥፎ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ አለ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ። ብቻ ገራፊው እኔ ቆሜ ካሸሁበት ቦታ ሆኖ ይግረፈኝ።»

ፊታውራሪው ካባቸውን አወለቁና «ቅረብ» አሉት።

«ማን፣ ጌታዬ? እኔ ነኝ ወይስ ገራፊው?»