መርዶን ያስቀረ ነጋሪት

ተረቴ መጣች። ትምጣ በሏት። ዛሬ ግን የምታስቅ አይደለችምና፣ ለመሳቅ የተዘጋጀ ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ፤ አልቀየመውም።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ ሲናገር፣ ቆዳና እንጨትም ሲጠይቋቸው ሲመልሱ፣ በአንድ ትልቅ ገደል ላይ የዝንጀሮዎች አገር ነበር። ከገደሉ በታች ቆላ ነው፤ ቆላው የከርከሮዎች ነው። በገደሉና በቆላው መሃል አንዲት ምንጭ ነበረች። ዝንጀሮ ጠዋት ይጠጣል፣ ከርከሮ ከሰዓት በኋላ ይጠጣል፤ ምንጯ ለሁለቱም ትበቃ ነበር። ስትበቃ የኖረች ምንጭ አንድ ቀን አትበቃም ተባለ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ብቻ ተባለ፤ ጦርነትም ሆነ።

የዝንጀሮዎቹ አዝማች ፊታውራሪ ገመሬ ይባል ነበር። ጋማው እስከ ክንዱ የወረደ፣ ሲያዛጋ ጥርሱ የሚያስፈራ ትልቅ ዝንጀሮ ነው። ነጋሪቱን አስጎሰመና "ወንድ የወለድሽ ሁሉ ልጅሽን ስጪ" ብሎ አዋጅ አስነገረ።

በዚያ አገር እመት አንጓች የምትባል ዝንጀሮ ነበረች። ባሏን ነብር በልቶባት አንድ ልጅ ብቻ ይዛ ቀርታለች፤ የልጁ ስም ቢያድግልኝ ነው። አዋጁ በተነገረ ዕለት ቢያድግልኝ "እማዬ፣ እኔ ጦር አልወድም፤ ልቅር" አላት።

እመት አንጓች ጎረቤት ሰምቶ እንደሆነ ግራ ቀኙን አየች። "አንተ ከቀረህ እኔ በምን ፊቴ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ? ተነስ፣ ሂድ" አለችው። እልል ብላ ሸኘችው። በእርሷ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ያን ዕለት እልል ያላለች እናት አልነበረችም።

ጦሩ ሄደ። ሰነበተ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ሲሄድ ገደሉን ያለበሰው ጦር ሲመለስ በአንድ ሾላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቦታ ተረፈ።

ፊታውራሪ ገመሬም መንደር ሳይገባ እዚያው ሾላው ሥር ምክር ያዘ። "ምንጯን ይዘናል፤ ድሉ የእኛ ነው። ነገ የድል በዓል ይሁን" አለ።

እዚህ ላይ የአገሩን ሕግ ልንገራችሁ። በዝንጀሮዎች አገር ልጅ ሲሞት መርዶው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለእናቲቱ ይነገራል። እስኪነገራት ድረስ ልጇ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል። የደስታ ነጋሪት እየተጎሰመ ግን መርዶ መናገርም ለሙት ማልቀስም ክልክል ነው፤ ሕጉን የጣሰ ከአገር ይባረራል።

ሽማግሌው አያ ሽበቱ ይህን ሕግ ያውቃልና ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሳ። "ፊታውራሪ፣ መርዶው ይቅደም። እናቶች ያልቅሱ፣ እርማቸውን ያውጡ። በዓሉ ከአርባው በኋላም ይደርሳል" አለ።

"መርዶው ከቀደመ በዓሉ ላይ ማን ይመጣል?" አለ ገመሬ። "ከየዋሻው አንድ አንድ ጎድሏል። እናቶቹ ተሰብስበው በልጆቻችን ምን አመጣህልን ቢሉኝ ምን እመልስላቸዋለሁ?"

ይህን ጊዜ ነጋሪቱ ተናገረ። "እኔም ጦር ሜዳው ላይ ነበርኩ። ልጆቹ ሲወድቁ ማንን እንደሚጠሩ ሰምቻለሁ። የተጠሩት ሳይሰሙ ለጭፈራ አታስጩኸኝ" አለ።

"አንተ ምንድን ነህ?" አለው ገመሬ።

"ቆዳ ነኝ።"

"ቆዳ ሲመቱት ምን ያደርጋል?"

"ይጮሃል።"

"እንግዲያው ትጮሃለህ" አለው። ምክሩም በዚሁ ተፈታ።

ገመሬ ጨካኝ ቢሆን ተረቱ በቀለለኝ ነበር። ጨካኝ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። የከርከሮ ጥርስ ያላስደነገጠው ጀግና የእናቶችን ዓይን ፈራ። "ለአንድ ቀን እንኳ ደስ ይበላቸው" ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ተኛም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ነጋሪቱ ድም፣ ድም፣ ድም አለ። እናቶች ከየዋሻው ወጡ። እመት አንጓችም የበሰለ ሾላ በቅል ሞልታ ለልጇ ይዛ መጣች። ቢያድግልኝን ፈለገችው፤ የለም። አንድ ዓይኑ የጠፋ ዘማች አገኘች።

"ልጄን ቢያድግልኝን አላየኸውም?"

"ከኋላ ነው፣ እመት አንጓች፤ እየመጣ ነው" አላት፤ በቀረችው ዓይኑም መሬት መሬት አየ።

ድም፣ ድም፣ ድም። እመት አንጓች እልል አለች፣ ጨፈረች። ልጇ ግን አልመጣም። አንድ የሚያነክስ ዘማች አገኘች።

"ልጄስ?"

"ምንጯን እንዲጠብቅ ተመድቦ ነው። ሹመት ነው፤ ደስ ይበልዎት" አላት።

ድም፣ ድም፣ ድም። "ልጄ ተሾመ" ብላ ለጎረቤቶቿ ሁሉ አወራች። እንደገና ጨፈረች። ላብ ሲያጠምቃት ቁጭ አለች፤ ቁጭ እንዳለችም የልጇን አብሮ አደግ አየችው። አብረው የሄዱ፣ በአንድ ዋሻ ያደጉ ናቸው።

"አንተስ ስለ ልጄ ምን ትለኛለህ?"

አብሮ አደጉ አፉን ከፈተ። ነጋሪቱን አየ። አፉን ዘጋ።

"እንግዲያው እርሱ እስኪመጣ አንተ ቅመስለት" ብላ ከቅሉ አንድ ሾላ ሰጠችው። ተቀብሎ ጎረሰ፤ መዋጥ ግን አቃተው። ፊቱን አዙሮ ከቋጥኙ ጀርባ ሄደ።

እመት አንጓች ያን ጊዜ አወቀች፤ ግን እንዳወቀች ለራሷ አልነገረችም። "ልጄ ርቦት ይሆናል። ካለበት ላድርስለት" ብላ ቅሏን አንስታ ቁልቁለቱን ወረደች።

ምንጯ ዘንድ ስትደርስ ሽታው አስቆማት። "ምንጯ፣ ልጄን አይተሻል?" አለች።

"ያላየሁት የለም" አለች ምንጯ። "ሁሉም የወደቁት እላዬ ላይ ነው። የእናንተም፣ የእነሱም። ከዚያ ወዲህ ከእኔ የጠጣ የለም፤ ከእንግዲህም የሚጠጣ የለም።"

ከቆላው በኩል ሌላ ነጋሪት ይሰማ ነበር። ድም፣ ድም፣ ድም።

"ያስ ምንድን ነው?"

"የከርከሮዎቹ ነው። እነሱም አሸነፍን ብለው በዓል ይዘዋል።"

"ታዲያ ማነው ያሸነፈው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አለች ምንጯ። "እኔ ውሃ ነበርኩ።"

ቢያድግልኝ ዳር ላይ ነበር፤ ራሱን ድንጋይ ላይ አድርጎ፣ ከአንድ የከርከሮ ግልገል ጋር ጎን ለጎን ወድቋል። እመት አንጓች ቅሉን አስቀመጠች። ፊቱን ጠረገችለት። ልቧ ተሰብሮ ሳለ እንባ እምቢ አላት፤ በአገሯ ለብቻ አይለቀስም፣ ለብቻ ማልቀስን ማንም አላስተማራትም። ከዚያ ልጇን አዘለችው። በሕፃንነቱ ባዘለችው ጀርባዋ አዝላው አቀበቱን ወጣች።

ስትደርስ ጀግኖቹ ግዳይ እየጣሉ ነበር። በተራ እየፎከሩ፣ የገደሉትን ምልክት ከፊታውራሪው እግር ሥር እያስቀመጡ፣ ይሸለማሉ። አንዱ ፎክሮ የከርከሮ ጥርስ ጣለ፤ ተሸለመ። ሌላው ፎክሮ የከርከሮ ጅራት ጣለ፤ ተሸለመ። ሦስተኛዋ እመት አንጓች ነበረች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ገመሬ እግር ሥር አስተኛችው።

"እመት አንጓች፣ ሕጉን" አለ ገመሬ። "ነጋሪት እየተመታ መርዶ አይነገርም።"

"መርዶ አልተናገርኩም" አለች። "ግዳይ ነው የጣልኩት። አልሄድም ብሎኝ ነበር። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እልል ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ይሸልሙኝ።"

የነጋሪት መቺው እጅ ቆመ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጋሪቱ ዝም አለ። እናቶቹ መጀመሪያ ልጁን አዩ። ቀጥለው ልጆቻቸው ይመጡበታል የተባለውን መንገድ አዩ። ከዚያ ዘማቾቹን አዩ፤ ዘማቾቹም አቀረቀሩ።

አያ ሽበቱ ወደ ገመሬ ጠጋ ብሎ "ፊታውራሪ፣ ነጋሪቱ ቆሟል። አሁን ይንገሯቸው" አለው። ገመሬ ተነሳ። የፈራውን ነገር ሊጋፈጥ ተነሳ፤ ይህን አልነፍገውም። "እናቶች" ብሎ ጀመረ።

"ምታ" አለች አንዲት እናት ከመሃል። ለነጋሪት መቺው ነው የምትለው። "ልጄ ከኋላ ነው ብለውኛል። ነጋሪቱ ከቆመ መርዶ ይነግሩኛል። ምታ።"

"የእኔም ተሹሟል ብለውኛል። ምታ" አለች ሌላዋ።

ሦስተኛዋ ሄዳ መምቻውን ከነጋሪት መቺው እጅ ቀማችው።

"ተይ፣ እናቴ" አለ ነጋሪቱ። "ልጅሽ ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ። ልንገርሽና አልቅሺ፤ ይቀልሻል።"

"ቆዳ ነህ" አለችው፤ መታችውም። ድም፣ ድም፣ ድም። እናቶች ሁሉ እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ እልል እያሉ ከበቧት። እልልታቸው ግን የሚያስፈራ ነበር።

እመት አንጓች አብሯት የሚያለቅስ ጠበቀች። አያ ሽበቱ ሊመጣ ተነሳ፤ ሕጉ ትዝ አለውና ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። ልጇን በራሷ እጅ ቆፍራ ቀበረችው።

ነጋሪቱ ያን ቀን አልቆመም፤ በማግስቱም አልቆመም። አንዷ እናት ሲደክማት ሌላዋ መምቻውን ትቀበላታለች። ነጋሪቱ እየተመታ የተወለዱ ግልገሎች አገራቸው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ መሰላቸው። አደጉ። "የእኛ ዘመቻ መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ስላልነበረ ወደ ቆላው ወረዱ፤ እነሱም መርዶ አልተነገረላቸውም።

እንግዲህ የተረቴ ፍሬ ይህች ናት፦ ሙታኑን ሳያለቅስ ለድል የጨፈረ አገር፣ ጭፈራውን የሚያቆምበት ቀን አያገኝም።

ተረቴን ጨረስኩ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም፤ ዛሬ የሚበላ ነገር አያሰኘኝም። ከእናንተ መሃል ልጇ ከኋላ ነው የተባለች እናት ካለች፣ ሄዳችሁ አጠገቧ ተቀመጡላት።