የአጎቴ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ሕመም

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሰላ ውስጥ፣ በአጎቴ ፎቶ ቤት የተነገረች አንዲት መልስ እስከ ዛሬ በሠፈራችን ትወራለች። በተወራች ቁጥር እኔ ሳህን ለማንሳት ከወንበሬ እነሳለሁ። የሚያወሩት ሁሉ ግማሹን ነው የሚያውቁት። ቀሪው ግማሽ እኔው ጋ ነው ያለው፤ ፊት ለፊት የሚያየኝ ሰው በሌለበት ልጻፈው።

አጎቴ ጋሽ ወንዳፍራሽ አባቴ ከሞተ በኋላ አሳድጎ ኮሌጅ ያስተማረኝ ሰው ነው። ስመረቅ ፎቶ ቤቱ አስቀመጠኝ። ሥራዬ በኮምፒውተር ፎቶ ማሳመር ነበር፤ ብጉር አጠፋለሁ፣ ፊት አቀላለሁ፣ የተጨፈነ ዓይን እገልጣለሁ። አጎቴ ደግ ነው። ብቻ እጁ አይፈታም፣ አፉም «አላውቅም» አይልም። ኮምፒውተር ቫይረስ ይይዘዋል ሲባል ሰምቶ፣ የደንበኛን ፍላሽ ሁሉ በአልኮል ሳይጠርግ አያስገባም።

አንድ ሰሞን ኮምፒውተሩ አመለኛ ሆነ። ፎቶ ከፍቼ ፊቱን ሳጎላው አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር እየሆነ ይቆራረጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጥቁር ካሬ መጥቶ አፍና አፍንጫውን ይውጠዋል። አጎቴ «ቫይረስ ነው» ብሎ አልኮሉን ጨመረ። ምንም ለውጥ የለም። ጨንቆት መክብብ የሚባል ቴክኒሻን ጠራ።

መክብብ መጀመሪያ የአጎቴ ሚስት ሠርታ ኮምፒውተሩን ያለበሰችውን ዳንቴል ገፈፈ። አቧራውን አራገፈና «ታፍኖ ግራፊክስ ካርዱ ተጎድቷል» አለ፤ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚስለውን ዕቃ ማለቱ ነው። ከዚያ የፎቶ ማሳመሪያውን ፕሮግራም ማስተካከያ ከፍቶ «ግራፊክስ ካርዱን ተጠቀም» ከሚለው ጎን ያለችውን ምልክት አጠፋ።

«ትንሽ ይዘገያል እንጂ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም» አለኝ።

እውነትም ፊቱ ሁሉ ጠራ። አጎቴ ለድካሙ ጉርድ ፎቶ አንስቶ፣ «ይኸው፣ አራት ፍሬ!» ብሎ ሸኘው።

የጉዱ መነሻ ያ ጉርድ ፎቶ ነው። ማሳመሩ የኔ ሥራ ነዋ! የመክብብን ፊት ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላሁት። የማጠፋው ብጉር ፈለግሁ፤ የለም። ምናልባት አልታየኝ ይሆናል ብዬ ደግሜ ፈለግሁ። ከምሳ በኋላም ፈለግሁ። ሳምንት ሳይሞላ እጄ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ ያቺን ምልክት መለሳት። በገዛ ፈቃዱ ያልኩት ስላፈርኩ ነው፤ እኔው ነኝ።

ስክሪኑ ዝንጉርጉር ሆነ፣ መክብብ ተጠራ፣ ምልክቷን አጠፋ፣ ጉርድ ፎቶ ተነሣ፣ እኔም ብጉር ፍለጋዬን ቀጠልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰውዬው አገር ምድሩን ሥራ ቢያመለክት የሚበቃው ጉርድ ፎቶ ሰበሰበ።

በዚያች ቅዳሜ ግን እትዬ ዘርትሁን የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ሊያዩ መጡ። ልጅቷ ጋዋኗን ለብሳ ስክሪኑ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ መስመር በመስመር ነው።

«ወይኔ ልጄን!» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ተምራ የሜዳ አህያ ሆና ወጣች?»

አጎቴ በደንበኛ ፊት እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። መክብብ ተጠርቶ ገና ከበሩ ሲገባ ጮኸበት።

«ደርሼብሃለሁ!»

«ምን ደረሱበት፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ?»

«አንተ ስትመጣ ይድናል፤ ስትሄድ ይታመማል! ተመልሰህ እንድትጠራ እያወቅህ በሽታውን ትተህበት ነው የምትሄደው። ወይ ምክንያቱን አሁኑኑ ትነግረኛለህ፣ ወይ ሁለተኛ እግርህ እዚህ አይደርስም። አታላይ መሆንህንም ለከተማው ነጋዴ ሁሉ እናገራለሁ!»

አንድ ቃል ብናገር ስሙ ይተርፋል፤ እኔ ግን ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። መክብብ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ማስተካከያውን ከፈተ። ምልክቷ ቦታዋ ላይ ናት። እንዲህ ያለች ምልክት ሰው ካልመለሳት እንደማትመለስ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምልክቷን አየ። እኔን አየ። እኔ ኪቦርዱ ላይ ፊደል የጠፋኝ መስዬ አቀረቀርኩ፤ ጆሮዬ እሳት ሆኗል።

ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ግን የታመመው ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም። እኔም እዚህ ስመጣ እድናለሁ፤ ስሄድ እታመማለሁ።»

እትዬ ዘርትሁን በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አጎቴ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ?» ብሎ አልኮሉን አነሳ።

«ይተላለፋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ከቴክኒሻን አቅም በላይ ነው። ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው።»

«ሽማግሌ? ሽማግሌ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም፣ ጋሼ። ግን የምልካቸውን ሽማግሌዎች እርስዎ ‹እሺ› ካሏቸው፣ ይሄ ኮምፒውተር ዳግመኛ አይታመምም። ዋስትና እሰጣለሁ!»

እትዬ ዘርትሁን እልልታቸውን ለቀቁት። አጎቴ እሳቸውን አየ፣ መክብብን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የአልኮሉን ጠርሙስ ቀስ ብሎ ከደነና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔማ» አለ፣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

የትኛውን እንዳወቀ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ እንዳፈርኩ ነው።