ትርንጎና ባለዛጎሉ አንቀልባ

ተረቴ ጅራቷ ረጅም ነው። እኔ ከራሷ ስጀምር እናንተ ጫፏን ያዙልኝ፤ እንዳትለቁ ብቻ።

አንዲት ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ይቀራታል። ዳር ዳሩ በዛጎል ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ ነበራት። እናቷ ዘርፌ በዚያ አንቀልባ አዝላት ወንዝ ወርዳለች፣ ገበያ ወጥታለች፣ ሰርግም ሄዳለች። ዛጎሉ ሲንሿሿ ትርንጎ እዚያው ጀርባ ላይ ድብን ብላ ትተኛ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ማሙሽ ተወለደ። ገና አራት ወሩ ነው። ጥርስ የለው፣ ወሬ የለው፣ መሮጥ አይችል። እሱ ሆዬ ዱብ አለና የትርንጎን አንቀልባ ወሰደ! ጎረቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ ትርንጎን ባገኘቻት ቁጥር፣ በቃ ከጀርባ ወረድሽ፣ ቦታሽ ተወሰደ እያለች ትስቃለች። ለእሷ ጨዋታ ነው። ትርንጎ ግን አመነቻት። ቅናትም ያዛት። የእናቴ ጀርባ ረስቶኛል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ምሳዋን እየበላችም ይህንኑ አሰበች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከንፈሯን ጥላ እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ እኔንም እዘይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ በረቱ ድረስ።»

ዘርፌ ማሙሽን አዝላ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ማሙሽ ይተኛልኝ እንጂ አወርደውና አዝልሻለሁ አለቻት። ማሙሽ ግን የት ተኝቶ! ዓይኑ ክድን ሊል ሲል አውራ ዶሮው አጥር ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ የልጁም ዓይን ቦግ ይላል።

ትርንጎ አጥሩ ሥር ሄደች። «አያ አውራ ዶሮ፣ እባክህ ዝም በል። ማሙሽ አልተኛም አለ፣ እኔም አንቀልባዬን አጣሁ» አለችው።

አውራ ዶሮ ደረቱን ነፋ። ድመት መደብ ላይ፣ ያውም ቁርበት ተነጥፎላት ትተኛለች፤ እኔ ከነዚህ ሁሉ ላባዬ እንጨት ላይ ቆሜ አድራለሁ፤ እሷ ከመደቡ ካልወረደች ዝም አልልም አለ። ቀንቶ ነው እንጂ መደብ ላይ ቢያስተኙትም አይተኛ።

ትርንጎ ወደ ቤት ገባች። «እመት ድመት፣ እባክሽ ከመደቡ ውረጂ። አውራ ዶሮ ዝም አልልም አለ፣ ማሙሽ አልተኛም አለ፣ እኔም አንቀልባዬን አጣሁ።»

ድመት አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች፤ ሁለቱን መግለጥ ለእሷ ሥራ ነው። ለውሻ አጥንት ይጣልለታል፣ ለእኔ ሲሆን ሂጂና አይጥ ያዢ ይባላል አለች። ውሻ አጥንቱን ካላካፈላት ንቅንቅ እንደማትል ነገረቻትና ያቺኑ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ትርንጎ ወደ ደጅ ሮጠች። «አያ ውሻ፣ እባክህ አጥንትህን ለድመት አካፍላት። ድመት ከመደቡ አልወርድም አለች፣ አውራ ዶሮ ዝም አልልም አለ፣ ማሙሽ አልተኛም አለ፣ እኔም አንቀልባዬን አጣሁ።»

ውሻ አጥንቱን በእግሩ ጫን አደረገው። አህይት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፣ እኔ ግን ቤት ጠብቅ እባላለሁ አለ። ይባስ ብላ ስትመለስ ያየችውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ስታወራ ታመሻለች። ይዛኝ ካልሄደች አጥንት የለም፣ አለቀ አለ።

ትርንጎ አህይት ዘንድ ሄደች። «እመት አህይት፣ እባክሽ ውሻን ገበያ ውሰጂው። ውሻ አጥንት አላካፍልም አለ፣ ድመት ከመደቡ አልወርድም አለች፣ አውራ ዶሮ ዝም አልልም አለ፣ ማሙሽ አልተኛም አለ፣ እኔም አንቀልባዬን አጣሁ።»

አህይት ጆሮዋን ጣለች። ላሚቱ አደይ አንገቷ ላይ ቃጭል አላት፤ አንድ እርምጃ ብትራመድ አገሩ ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። እኔ ከነጭነቴ ገበያ መሀል ብቆም መንገድ የሚለቅልኝ እንኳ የለም አለች። አደይ ቃጭሏን ለአንድ ቅዳሜ ታውሰኝ፤ ያኔ ውሻን አይደለም፣ ድመትንም ጨምሬ እወስዳለሁ አለች።

ትርንጎ በረት ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። እኔም አንዴ ልተንፍስ። እሺ። «እመት አደይ፣ እባክሽ ቃጭልሽን ለአህይት አውሻት። አህይት ገበያ አልወስድም አለች፣ ውሻ አጥንት አላካፍልም አለ፣ ድመት ከመደቡ አልወርድም አለች፣ አውራ ዶሮ ዝም አልልም አለ፣ ማሙሽ አልተኛም አለ፣ እኔም አንቀልባዬን አጣሁ።»

አደይ ማመስኳቷን ተወች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ዘርፌ ስታልበኝ ትዘፍንልኝ ነበር» አለች። «ይህ ልጅ ከመጣ ወዲህ ዘፈኑ ሁሉ የእሱ ሆነ። እኔን ዝም ብላ አልባኝ ትሄዳለች። በስሜም አትጠራኝም።»

ትርንጎ ወደ አደይ ጠጋ አለች። ለካ በዚህ ግቢ ውስጥ በማሙሽ የምትቀናው እሷ ብቻ አይደለችም። አደይ አሳዘነቻት። ግንባሯን እያከከችላት፣ ከእናቷ የሰማችውን ዜማ ይዛ ዘፈነችላት።

አደይ የኔ ሸጋ፣ አደይ የኔ ቀይ፣
አንቺን ያላየ ሰው ላም አየሁ ይላል ወይ?

ነገሩ ያኔ ተፈታ። አደይ ቃጭሏን ለአህይት አዋሰች። አህይት ውሻን ገበያ ልትወስደው ቃል ገባች። ውሻ አጥንቱን ለድመት አካፈለ። ድመት ከመደቡ ወረደች። አውራ ዶሮ ዝም አለ። ማሙሽም...

ማሙሽማ አልተኛም! ጭራሽ ያለቅስ ጀመር። ግቢው ጭጭ ብሏል፣ ልጁ ጠግቧል፣ ጨርቁም ደረቅ ነው፤ ዘርፌ ግራ ገባት። ትርንጎ ጠጋ ብላ ስታየው ዝም አለ። ወደ በረቱ ዞር ስትል እንደገና አለቀሰ። ጠጋ አለች፣ ዝም። ዞር አለች፣ እሪ! ለካ ማሙሽ ትርንጎ ለላም ስትዘፍን በእናቱ ትከሻ ላይ አሾልኮ ሲያይ ነበር።

«እማዬ፣ ቀንቶ ነው እኮ» አለች ትርንጎ። ሳቋ መጣ። ማሙሽ በእሷ ይቀናል ብላ አስባም አታውቅ።

ለማኩረፍ ጥቂት ሞከረች፤ አልሆነላትም። እናቷ ጀርባ ዘንድ ቆማ ትንሿን እግሩን ይዛ ዘፈነችለት።

ማሙሽ የኔ ሸጋ፣ ማሙሽ የኔ ቀይ፣
አንተን ያላየ ሰው ልጅ አየሁ ይላል ወይ?

ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ማሙሽ ተኛ።

ዘርፌ ቀስ ብላ መደቡ ላይ፣ ድመት የለቀቀችው ቁርበት ላይ አስተኛችው። ከዚያ አንቀልባውን ይዛ ወጣችና ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ሰጠች። ትርንጎ ታዘለች። አንቀልባው አጥሯታል፤ እግሮቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸው። ዛጎሉ ግን እንደ ድሮው ተንሿሿ።

«እማዬ፣ ጀርባሽ ረስቶኛል እንዴ?»

«ጀርባዬ ማዘል የለመደው በአንቺ ነው» አለች ዘርፌ። «እንዴት ይረሳሻል?»

ትርንጎ ጉንጯን እናቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች። እንዲሁ ሆነው በረቱ ጋ ደረሱ።

እዚያ ደርሰው ዞር ሲሉ ግን፣ ከኋላቸው አውራ ዶሮ ቆሟል። ከአውራ ዶሮ ኋላ ድመት፣ ከድመት ኋላ ውሻ፣ ከውሻ ኋላ አህይት፣ የተዋሰችውን ቃጭል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። ከሁሉም ኋላ አደይ። ሁሉም ለመታዘል ተራ ይዘዋል። ዘርፌ አንቀልባውን አየች፣ አደይን አየች፣ ወገቧንም ያዘች።

በሉ እንግዲህ፣ የተረቴን ጅራት ልቀቁላት። እሷም ሄዳ ተራ ትያዝ።