ወንፈል ያለፈው ማሳ

አንዲት እማዋይሽ የምትባል ልጅ እግር እናት ነበረች። ጭጋግ እንደ ነጠላ በሚሸፍነው ተራራ ጥግ፣ ሕፃኗን አዝላ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ካፏ የማይጠፋ ቃል "ምንም የለኝም" ነው። እንዴት አደርሽ ሲሏትም መልሷ ይኸው ነው።

ጤፉ ደረሰ። በዚያ አገር አጨዳ በወንፈል ነው፤ ሁሉም ያለውን ይዞ ይመጣና ባንድነት ከማሳ ማሳ እየዞሩ ያጭዳሉ። የወንፈሉ አለቃ አባ ደርበው ደጇ ላይ ቆሙ።

"አንቺስ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ?"

"እኔ ምን አለኝ አባባ? ልጅ አዝዬ አላጭድ። ምንም የለኝም።"

"እሺ ልጄ" ብለው ሄዱ። የለኝም ያለን ሰው ማስገደድ እዚያ ነውር ነው።

የሰው ማሳ ሁሉ ታጭዶ የእሷ ብቻ ቀረ። ያለ ወሩ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ከወረደበት ጤፉ መርገፉ ነው፤ የልጇ የዓመት ጉርስ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ማሳው ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

በሕልሟ ጭጋግ ውስጥ ትሄዳለች። መሬቱ እንደ ባዘቶ ልስልስ ነው፤ ኮቴዋ አይሰማም። ከወዲያ አንድ ድምፅ "ምን አለሽ?" አላት።

"ምንም የለኝም።"

ጎጆዋ እንደ ጢስ ተነነ።

"ምን አለሽ?"

"የለኝም አልኩ እኮ!"

ማሳዋ ተነነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ከልማዷ ያንኑ ደገመች። ያኔ ጀርባዋ ቀለላት። እጇን ወደ ኋላ ብትሰድ አንቀልባው ባዶ ነው።

"አለኝ! ልጅ አለኝ!" ብላ ጮኸች።

ብንን ስትል ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ደንግጦ ያለቅሳል። እሹሩሩ አለችው። ድምፅዋ ገደሉን ተሻግሮ ማዶ ድረስ ሄደ፤ ራሷም ገና ያን ቀን ሰማችው። ተነሥታ ማዶ ክምር ወደሚከምሩት ወንፈለኞች ሮጠች።

"አባ ደርበው፣ ድምፅ አለኝ! ዘፈን ላውርድላችሁ፣ ማሳዬን እጨዱልኝ።"

"እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነው?" ብሎ አንዱ አጫጅ ሳቀ። "እኛ እኮ እንደ በሬ ዝም ብለን ነው ያጨድነው!"

አባ ደርበውም "እውነት የሌለሽ መስሎን ነው ያለፍንሽ ልጄ" አሏት።

እሷ ስታወርድ እነሱ ሲቀበሉ፣ ማጭዱ ሁሉ ባንድ ላይ ሲሄድ፣ የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ሳር እንደለበሰ ዝናቡ ዷ ብሎ ወረደ።

ወገኖቼ፣ "የለኝም፣ አልችልም" ስንል ትሕትና ይመስለናል። ሰው ግን አምኖን ያልፋል። ከሰውም ብሶ እኛው እናምነዋለን። የጎደለን መቼም አይጠፋም፤ ግን ያለንንም አብረን አንካድ። እስቲ ዛሬ ከቤት ከወጣችሁ ስንቴ "የለኝም" አላችሁ? ከዚያስ ውስጥ እውነት የሌላችሁ ስንቱ ነው?