እህል ሲወድቅ የማይሰማበት ጋን

ግንቧ ባረጀ፣ ገበያዋ ከመስጂዷ በር በሚጀምር በአንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን የገበያው ሚዛን በእሳቸው እጅ ነበር። ገዢና ሻጭ ሲጣሉ «ሐጂ ይመዝኑት» ይባላል፤ እሳቸው ከመዘኑት በኋላ ደግሞ የሚከራከር አይገኝም። ሲያረጁ ሚዛኑን ለሌላ አስረክበው በመስጂዱ መድረሳ ግቢ ካለው ወይራ ሥር መዋል ጀመሩ። መድረሳው ከቁርኣኑ ጋር ፊደልና ሒሳብም ያስተምራል፤ ግቢው ከማለዳ ጀምሮ በልጅ ይታመሳል።

የመስጂዱ ሰጋጆች፣ ጀመዓው፣ አዋጥቶ ለችግረኛ ልጆች ቀትር ላይ ንፍሮ ያበላ ነበር። ንፍሮውን የምትቀቅለው ዘምዘም ናት። ባሏ የሞተባት፣ እጇ ፈጣን፣ ጆሮዋ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ ሴት ነበረች። ሐሜተኛ አይደለችም፤ ይህን ማንም ይመሰክርላታል። ብቻ ያላወቀችው ነገር እንደ ገብስ ገለባ አንገቷ ሥር ይበላታል። ጎረቤት የተከደነ እንቅብ ይዞ ካለፈ «ምን ይሆን?» ሳትል አትውልም።

በዚያ ዓመት ለአረፋ ሐጂ ጀውሃር ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በግ አረዱ። ሥጋውን አከፋፈሉ። ዘምዘም ዓይኗን የጣለችው ቆዳው ላይ ነበር።

«ሐጂ፣ ቆዳውን ለእኔ ይስጡኝ። ምድጃ ዳር ስቀመጥ መሬቱ ይቀዘቅዘኛል።»

«ባለቤት አግኝቷል፣ ልጄ።»

«ማንን?»

«ባለቤቱን ነዋ።»

ዘምዘም አኮረፈች። «ቆዳም ሲርና ምስጢር ይኖረው ጀመር!» አለች ለራሷ፤ ግን እሳቸው እንዲሰሙት አድርጋ።

የንፍሮው ሥርዓት እንዲህ ነበር። የጀመዓው ሰብሳቢ ዘይኑ፣ ቅመም ነጋዴው፣ በየቀኑ ቀትር ላይ ወረቀት ይዞ ይቆማል። ስም ይጠራል። የተጠራው ልጅ ሳህኑን ይዞ ከመስመር ይወጣል፤ ያልተጠራው ጥላ ሥር ሆኖ ያያል። ዘይኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሚቀቀለው እህል ግማሹ ከእሱ መጋዘን ነው የሚመጣው። ብቻ የሰጠው ነገር የት እንደገባ ካላየ አይረካም። ነጋዴ ነው፣ ምን ይደረግ።

ከልጆቹ መካከል ረውዳ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟ ወረቀቱ ላይ የለም። ዘምዘም በራሷ ፈቃድ «ነይ ቅመሺ» ስትላት፣ ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው።

«ፆመኛ ነኝ፣ እትዬ።»

ሰኞና ሐሙስ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በፈቃዱ የሚፆምባቸው ቀናት ናቸውና፣ ዘምዘም «ማሻአላህ» ትላለች። ማክሰኞም ስትፆም ገረማት። ረቡዕ ሲደገም አልቻለችም። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ የምን ያመለጠ ፆም፣ የምን ቀዷ ነው ያለብሽ?» ብላ ሳቀች። ረውዳ አልሳቀችም።

አረፋ ካለፈ በሦስተኛው ቀን መድረሳው ተከፈተ። ያን ቀን ድስቱ ውስጥ ከየቤቱ የተላከ የአረፋ እርድ፣ የኡድሂያ ሥጋ ይንተከተክ ነበር። ሽታው ገበያ ድረስ ሄዶ መንገደኛ ያስቆማል። ዘምዘም ጭልፋዋን ይዛ ተጣራች።

«ረውዳ፣ ነይ እንጂ! ዛሬስ ሥጋ ነው።»

ልጅቷ ድስቱን አላየችም። መሬት መሬቱን እያየች «ፆመኛ ነኝ» አለች።

ዘምዘም አፏን ከፈተች። ከአረፋ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት የመብላትና የመጠጣት ቀናት ናቸው። በእነሱ መፆም እንደማይፈቀድ እንኳን የመድረሳ ልጅ፣ የገበያ ተሸካሚም ያውቃል። «እንዴ! በዛሬ ቀን ደግሞ…» ልትል ስትል የሐጂ ጀውሃር ከዘራ የቀሚሷ ጫፍ ላይ አረፈ።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ተጣሩ። «ረውዳ፣ ነይ እስቲ ልጄ። እኔ ብቻዬን መብላት አልወድም። ዛሬ ደግሞ የአላህ ግብዣ ነው፤ የእሱ ግብዣ እንቢ አይባልም። እንግዳዬ ሁኚ።»

«አባቴ ግን…»

«ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ።»

ተቀመጠች። መጀመሪያ በሁለት ጣቷ ነበር የምታነሳው። ኋላ በመዳፏ ሆነ። ሐጂ ጀውሃር ፊታቸውን ወደ ወይራው አዙረው ቅጠሉን የሚመረምሩ መሰሉ። ዘምዘም ያኔ ገባት። ማክሰኞውም ገባት፣ ረቡዑም ገባት። ለካ ራብ የፆምን ልብስ ለብሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ያሲን መጣ። ያሲን ስሙ የታወቀ ኮፍያ ጠላፊ ነበር፤ ለሠርግም ለሐጅም የሚደፋው ኮፍያ ከእሱ እጅ ይወጣ ነበር። ደህና በነበረበት ጊዜ ለዚሁ ድስት ያዋጣ ነበር። አሁን ዓይኑ ደክሞ የመርፌ ቀዳዳ አይታየውም። ኩራቱ ግን እንደ ዓይኑ አልደከመም።

«ሐጂ፣ ልጄን ምን አበሏት?»

«የአረፋ ሥጋ።»

«ስሟ ተጠርቶ?»

«አልተጠራም። እንግዳዬ ነበረች።»

«እንግድነት አንድ ቀን ነው።»

«ነቢያችን ሰ.ዐ.ወ ሦስት ቀን ብለዋል። አንተ ልትቀንስብኝ ነው?»

ያሲን ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ዋጠው። «እሺ፣ ሦስት ይሁን። በአራተኛው ቀን ግን ልጄ በወረቀት ተጠርታ ሳህን ይዛ ከወጣች ከመድረሳው አወጣታለሁ። ቤት ተቀምጣ መርፌዬ ላይ ክር ታስገባልኝ።»

«ልጅቷ እኮ ብሩህ ናት፣ ያሲን። የሚያስተምራት ኡስታዝ ስለ እሷ አውርቶ አይጠግብም።»

«አንገቷን ደፍታ ከምትማር፣ ቀና ብላ ትራብ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ሐጂ ጀውሃር ወደ ዘምዘም ዞሩ።

«ስንት ቀን ቀረን?»

«አንዱ ትናንት አለፈ። ሁለት።»

«ይበቃል፣ ኢንሻአላህ።»

ሁለቱን ቀን ረውዳ ከሽማግሌው ጋር በላች። በሁለተኛው ቀን ሐጂ ጀውሃር አንድ ትልቅ ጋን በአህያ አስጭነው መጡ። አንገቱ አንድ ክንድ ብቻ ያስገባል። ልጅ እንዲደርስበት ወይራው ሥር እስከ ወገቡ አስቀበሩት። አሱር ከተሰገደ በኋላ ሁሉንም ሰው ከግቢው አስወጥተው ብቻቸውን የሆነ ነገር ሠሩ። ዘምዘም በአጥሩ ስንጥቅ አጮለቀች። የታያት የጀርባቸው ኩታ ብቻ ነበር። ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ልጆቹን ሰብስበው እንዲህ አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ስም አይጠራም። ጠዋት ስትመጡ ያላችሁን እህል በጭብጣችሁ ይዛችሁ ኑ። ስንዴም ይሁን፣ ሽምብራም ይሁን፣ ባቄላም ይሁን። የሌለው ባዶ እጁን ጨብጦ ይምጣ። ሁሉም እጁን ጋኑ ውስጥ ያስገባል፣ ከውስጥ ይከፍታል። እጁን ያስገባ ሁሉ ደግሞ ቀትር ላይ ይበላል።»

ዘይኑ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። «ሐጂ፣ የሀብታም ልጅ ሰደቃ ሊበላ ነው?»

«የሀብታም ልጅ ካልበላ የሚበላው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ግዴታህ የሆነውን ዘካህን ለብቻው ለባለቤቱ አድርስ። ይህ የፈቃድ ሰደቃ ነው፤ ለማንም አይከለከልም።»

«ያዋጣው ሰው ቢጠይቀኝስ? ለማን ሰጣችሁ ቢለኝ ምን ልበል?»

«ለልጆች በለው።»

ዘይኑ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ሳምንት። ከዚያ እናያለን።»

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ዘምዘም ሥራ አገኘች። ምስሯን ይዛ ጋኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ ለቀማ መሆኑ ነው። ልቧ ግን ጆሮዋ ላይ ነበር። እህል ሸክላ ላይ ሲወድቅ ያንኳኳል፤ ያላንኳኳው እጅ ባዶ ነው፤ ይኸው ነው ሒሳቡ። የመጀመሪያው ልጅ እጁን አስገባ። ዝም። ሁለተኛው። ዝም። አሥረኛው፣ ሃያኛው፣ ረውዳም በመካከል። ዝም ዝም ዝም።

«ያ አላህ፣ አንድም ልጅ አላመጣም!» ብላ ደነገጠች። ቀትር ላይ ሐጂ ጀውሃር ራሳቸው ክንዳቸውን ከተው እህሉን እያወጡ በሰፌድ ሰጧት። ሰፌዱ ሞላ፤ ሌላ ሰፌድ ተፈለገ። ዘምዘም አንዴ ሰፌዱን አንዴ ጋኑን አየች።

«ሐጂ፣ ይህ ጋን ድግምት አለው እንዴ?»

«አዑዙ ቢላህ በይ። የነገውን ዘፍዝፊ ይልቅ።»

በነጋታውም ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዘይኑ ወደ ምድጃው መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘምዘም፣ የአንቺ ጆሮ የታወቀ ነው። ባዶ እጃቸውን የሚያስገቡትን ለይተሽ ያዥልኝ። ወላጆቻቸውን ጠርቼ ላነጋግር ነው፤ ለመርዳት ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።» ዘምዘም «እሺ፣ አያ ዘይኑ» አለች። ስለ እሱ ብላ እንዳልሆነ ግን ታውቀዋለች። አንገቷ ሥር በልቷት ነው።

ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ሐጂ ጀውሃር ጀናዛ ሊሸኙ ሄዱ፤ ቀትር ደረሰ። እህሉን የሚያወጣ የለም። ዘምዘም ቢስሚላህ ብላ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰደደች። እፍኝ አወጣች፣ እፍኝ ጨመረች። ከሥር ስትደርስ ጣቶቿ ፀጉር ነኩ።

«ወይኔ! ድመት!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ።

ድመቱ አልነከሳትም። እንደገና ሰደደች፤ ለስላሳ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ይዛ ጎተተችው። ጥቁር የበግ ቆዳ ወጣ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ከጋኑ ሥር ጀምሮ እስከ አንገቱ ድረስ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ ተነጥፎ ነበር።

ዘምዘም ቆዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። «ባለቤት አግኝቷል» ያሏት ትዝ አላት። ባለቤቱ ባዶ እጁን ጨብጦ የሚመጣው ልጅ እንደነበረ አሁን ሳትጠይቅ አወቀች። ቆዳውን አራግፋ፣ ጠቅልላ፣ በአንገቱ መልሳ አስገባችው፤ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋ ደህና አድርጋ አነጠፈችው። ሽማግሌው ከቀብር ሲመለሱ እጅጌዋ ላይ ጥቁር ፀጉር አዩ። በሁለት ጣታቸው አንስተው ለነፋስ ሰጡት።

በማግስቱ ዘይኑ በማለዳ ደረሰ። «እህስ፣ ምን ሰማሽ?»

«ወላሂ፣ አያ ዘይኑ፣ ምንም አልሰማሁም።» እውነቷን ነው።

«እንግዲያው እኔው አያለሁ።» ጋኑ አፍ ላይ ቆመ። ልጆቹ ጭብጣቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። «ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁን ክፈቱ! አንድ በአንድ!»

ከፊት የነበረችው ረውዳ ናት። ጭብጧ ይበልጥ ጠበቀ። በዚያው ሰዓት ከበሩ ላይ ያሲን ቆሞ ነበር። ወላጆች ሊጠሩ ነው የሚለው ወሬ ደርሶት ልጁን ሊወስድ መጥቷል። ዘምዘም አየችው።

ሐጂ ጀውሃር ከወይራው ሥር ተነሥተው በቀስታ መጡ። ለዘይኑ ጆሮ ተጠግተው፣ ከዘምዘም በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ዘይኑ፣ አስቀድመህ ያንተን ክፈት» አሉት።

ዘይኑ እጁን አየ። የእህል ጆንያው ያለው መጋዘን ነው፤ መዳፉ ላይ መቁጠሪያው፣ ሙስበሓው ብቻ ነበር፣ አንዲት የስንዴ ፍሬ እንኳ የለችም። ፊቱ ቀላ። ልጆቹ ሳያዩ ጣቶቹን ገጠመ። ጋኑን ትቶ ሄዶ ከረውዳ ኋላ ተሰለፈ።

«ቀጥሉ ልጆቼ» አሉ ሽማግሌው።

ረውዳ እጇን አስገባች፣ አወጣች። ዘይኑም አስገባ፣ አወጣ። ዝም። የሠርጉን ኮፍያ ሁሉ የጠለፈው ያሲን ከበሩ ሆኖ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። የከተማውን ባለጸጋና የእሱን ልጅ አንድ ጋን አፍ ላይ አየ፤ የትኛው ጭብጥ ምን እንደያዘ አልለየም። ዓይኑ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ የሚለይ ማንም አልነበረም።

ወደ ልጁ ሄዶ አልጎተታትም። ቀስ ብሎ መጣ፣ ከልጆቹ ኋላ ቆመ፣ ተራው ሲደርስ እጁን ጨብጦ ጋኑ ውስጥ አስገባ። ረጅም ጊዜ ቆየ እጁ።

ያን ጊዜ ዘምዘም፣ ያቺ ዘምዘም፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ጭልፋዋንም ከድስቱ ጋር አንኳኳች፤ ድምፅ ቢኖር እንኳ እንዳትሰማ።

ያሲን ወጣ። ረውዳ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ዘይኑ አልቻለም፤ ወደ ሽማግሌው ዘንበል ብሎ «ሐጂ፣ ምን ጣለ?» አላቸው።

ሐጂ ጀውሃር ወደ ወይራቸው እየተመለሱ ነበር። ሳይዞሩ፦

«ሲወድቅ የሰማው አለ። አንድ ሰሚ ይበቃል።»

ሽማግሌው ይህን ያሉት የዘይኑን ደግነት አቃልለው አይደለም። አላህ ሰሚ ነው ብለን በየሶላቱ የምንናገር ሰዎች፣ ሰደቃችን ሲወድቅ ገበያው ሁሉ ይስማልን የምንለው ለምን እንደሆነ እየጠየቁን ነው። እኛም እኮ የዘይኑ ወንድሞች ነን። ደርዘን ደብተር እንገዛለን፣ ልጁን ከባነራችን ሥር እናቆማለን፣ ፈገግ በል እንለዋለን። ያ ልጅ ደብተሩን ሲገልጥ ከፊደሉ በፊት የሚያየው የቆመበትን ቦታ ነው። ማወቅ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ ዘምዘምም እስክትሞት ጠያቂ እንደነበረች ነው የሚነገረው። የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ ፊት የሚዞርበትን ሰዓት።

አላህ ለእጃችን ሲሳይና ሪዝቅ፣ ለጋናችን የበግ ቆዳ አይንሳን።