ከእማማ አባኬ ጎን ያለው ወንበር

በአንድ ወቅት፣ በዮሩባ አገር ዝናብ ሊገባ ሲል፣ እናቶችን፣ የአገሩን አዛውንት ሴቶች፣ ለማክበር የሚጨፈርበት ቀን ደረሰ። አዲጉን የሚባል ጨፋሪም አንገቱን እያሻሸ ተነሣ። ደክሞታል፤ እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም።

የዚያ አገር ጭምብል ፊት ላይ የሚታሰር እንዳይመስላችሁ! ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሴት ፊት የተቀረጸበት፣ እንደ ቆብ አናት ላይ የሚደፋ እንጨት ነው። የጨፋሪውን ፊት የሚሸፍነው ጨርቅ ነው። እና ሰው ሁሉ ጭምብሉ ሲጨፍር ያያል፤ አዲጉን ግን ከሥር ሆኖ የሚያየው የገዛ እግሩን ነው።

ያን ዕለት ጭምብሉን ከተሰቀለበት ቢያወርዱት ምስጥ በልቶት ጉንጩ ተሰንጥቋል።

አዲጉን ሁለት ወንድሞች አሉት፤ ታላቅየው አጃኒ ቀራጭ ነው። የበሰበሰውን በመሮ አወጣ፤ ከገዛ ቤቱ መቃን ቁራጭ ጠርቦ ሽብልቅ አደረገለት። በሩ ከዚያ ወዲህ አይዘጋም።

መካከለኛው አካንግቤ ቀለም ቀቢ ነው። ስንጥቁን አይቶ ሣቀ።

«ቆንጆዋ ከማን ተጣላች?»

«ታሾፋለህ? እናቶቹ ቢያዩትስ!» አለ አጃኒ።

እዚያ አገር ቤተሰብ የሚታወቀው ጉንጭ ላይ በሚበጣ ምልክት ነው። አካንግቤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ መሥመር ጨመረ፤ ስንጥቁም የቤታቸው ምልክት ሆኖ አረፈው። ለልጁ ልብስ ማቅለሚያ ያስቀመጠው ሰማያዊ ግን አለቀ።

አዲጉን ደፋው። የሽብልቁ ጫፍ አናቱን ወጋው። ቢያዘነብል ጭምብሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ አንገቱን አድርቆ፣ እግሩ ብቻ ከከበሮው ጋር እየተነጋገረ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጨፈረ። ደሙ በጨርቁ ውስጥ ለውስጥ ወረደ።

«አቤት ኩራቷ!» አለ ሰዉ።

ሲያበቃ የእናቶቹ አለቃ እማማ አባኬ ጨፋሪዎች ወደሚለባበሱበት መጋረጃ ኋላ መጡ። ሦስቱ መሬት ላይ ተዘርረዋል።

«ከእናንተ መሃል ይህ ጭምብል ሲጨፍር ያየ አለ?»

አንዳቸውም አላዩም። አጃኒ የሚሰበር ቢኖር ብሎ መሣሪያውን ታቅፎ ከመጋረጃው ኋላ ይውላል፤ አካንግቤ የተረኛ ጨፋሪዎችን ጭምብል ቀለም ሲያድስ ይመሻል። አዲጉንን ነግሬአችኋለሁ።

«ለከርሞ ከጎኔ ወንበር አለ። አንዳችሁ ተቀምጦ ያያል። ሥራውን ሁለቱ ይሸከሙለታል።»

«አንዳችን ብቻ፣ እናታችን?» አለ አጃኒ።

«ሁለታችሁ ከተቀመጣችሁ ማን ሠርቶ ምን ልታዩ? ደግሞ እኔም አርጅቻለሁ፤ ከከርሞ ወዲያ አልምልላችሁም» ብለው እማማ አባኬ ሄዱ።

«ዓይኔ እየፈዘዘ ነው» አለ አጃኒ። «ከከርሞ ወዲያ ብቀመጥም አላይም።»

«እኔ ባልሸፍነው ስንጥቅ ነበር የሚታየው» አለ አካንግቤ። «የልጄም ልብስ ሳይቀለም ቀረ።»

አዲጉን ቀና ሊል ሞከረ፤ አንገቱ እምቢ አለው።

«ዕድሜዬን ተሸክሜያት» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ስትጨፍር ምን እንደምትመስል የሚነግረኝ ሌላ ሰው ነው።»

ክርክሩ እንኳ አልጋለም፤ ለመጣላትም ጉልበት ይፈልጋል። ጭምብሉ ከመሃላቸው ተቀምጧል፣ ሽብልቁም፣ ቀለሙም፣ ከሥር የደረቀው ደምም፣ የሦስቱም ምልክት አለበት።

እንግዲህ እናንተ ተቀምጣችሁ የሰማችሁ፣ ፍረዱ፤ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?