ያልታሰረው ባዶ ቋጠሮ

አንድ የቀን ሠራተኛ ነበረ፤ ሲሚንቶ ተሸካሚ። «ለጥያቄሽ መልሱ እሱ ጋ ነው» አሏት ጋሽ ሙላት፣ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሯት መምህሯ። አዜብ የጠየቀቻቸው ይሄንን ነበር፦ ከሰዎች ስብስብ ውስጥ የእያንዳንዱን ስልክ ቁጥር ብቻ ሳወጣ፣ ስልክ የሌለውን ልዝለለው?

ሰውየው በሚሠራበት ሳይት «ያለ ሴፍቲ ጫማ ማንም አይገባም» ተባለ። ካቦው ሠራተኛውን አሰለፈና የእያንዳንዱን እግር በሲባጎ ለካ። ስም አልጠየቀ፣ የየት አገር ሰው ነህ አላለ፤ የእግር ልክ ብቻ። የለካበትን ሲባጎ እየቆረጠ አንድ ረጅም ገመድ ላይ በተራ አሰረው።

መሀል ላይ አንድ አናጢ አለ፤ ሚስማር ወግቶት እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አንተ ልክ የለህም፣ እለፍ።»

«እሺ ካቦ፣ ባዶ ቋጠሮ እንኳን እሰርልኝ።»

«ባዶውን ምን ላድርገው? ጫማ ላጥልቅለት?»

ሰልፉ ሳቀ። ሲሚንቶ ተሸካሚውም መጨረሻ ላይ ቆሞ አብሮ ሳቀ።

ከቀናት በኋላ ጫማው መጣና በገመዱ ተራ ተደረደረ። ሰዉም እንደዚያን ቀኑ ተሰልፎ እየተራመደ አነሳ። እግሩ የዳነለት አናጢ ከኋላው ያለውን ሰው ጫማ ወሰደ፤ ያም የቀጣዩን፤ እንዲህ እያለ ሄደ። አንዱን ሰፋው፣ ሌላው ጣቱን አጥፎ እያነከሰ ሄደ። ማንም አልተነፈሰም፤ ከተናገረ ያቺንም ይቀማላ። ተሸካሚው ጋ ሲደርስ ጫማ የለም።

«ካቦ፣ ለክተኸኝ የለም እንዴ! ይሄ ከፊቴ ያለው ያደረገው የኔን ነው!»

«እሱ ተራውን ጠብቆ ነው የወሰደው። አንተ ያን ቀን የት ሄደህ ነበር?»

ተሸካሚው ከፊቱ ያለውን ሰው አየው፤ ስንት ጊዜ ከአንድ ሳህን አብረው በልተዋል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ።

ዘበኛው በሩን ከፈተ። ለመውጫ። ተሸካሚው ሲወጣም ከኋላው ዘጋው።

ጋሽ ሙላት ወደ አዜብ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ስታወጪ ሰዎቹን ምንም አትነኪያቸውም፤ እንደነበሩ ናቸው። አዲስ የሚወጣው ገመዱ ነው። የሌለውን ከዘለልሽው ግን ገመዱ ያጥራል፤ መልሰሽ ከሰዎቹ ጋር ስታገጣጥሚው የአንዱ ለሌላው ይሄዳል። ለሌለውም ‹የለም› ብለሽ ቦታውን ያዢለት። ኮምፒውተሩ እንደሆነ ተሳስተሻል ብሎ አይጮህብሽም። የሚጮኸው መጨረሻ ላይ የቆመው ነው፤ እሱ ሲጮህ ደግሞ በሩ ተዘግቷል።»